የሳተርንን ዓመት የሸመደደ ተማሪ ምን ቀረበት?

የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ያየ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል። «ጁፒተር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር ስንት ዓመት ይፈጅባታል?» ቀድሞ ደወሉን የመታው ተወዳዳሪ «አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ» ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ዓባይ ርዝመት ወይም ስለ አንድ አገር ዋና ከተማ ይሆናል። መልሱ ልክ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ለምን አምስት ወይም ሃያ እንዳልሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። የከተማ ስም ለምን እንዲህ ሆነ ተብሎ ስለማይጠየቅ የፕላኔት ዓመትም እንደዚያው ተቆጥሮ ያልፋል። የምሟገተው እዚህ ላይ ነው። የፕላኔቶች ዓመት በቃል የሚያዝ ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም። አንዲት ፕላኔት ከፀሐይ ምን ያህል እንደምትርቅ ከታወቀ ዓመቷ በስሌት ይገኛል፤ ስሌቱም ማባዛትና ስኩዌር ሩት ለሚያውቅ የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ሰንጠረዡን ያስሸመደድነው ልጅ ስምንት ቁጥሮች ያውቃል። ዝምድናውን ያስተማርነው ልጅ ገና ያልተገኘች ፕላኔት ብትኖር የእሷንም ዓመት ማስላት ይችላል።

«ሩቅ ያለችው ብዙ ጊዜ የሚፈጅባት መንገዷ ስለሚረዝም ነው፤ ይህ ደግሞ ምን ማብራሪያ ያሻዋል?» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሽ ብቻ መሆኑን የሚያጋልጡት ቁጥሮቹ ራሳቸው ናቸው። ምድር ከፀሐይ በአማካይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ይህን ርቀት አንድ ብለን እንያዘውና ሌሎቹን በእሱ እንለካ። ጁፒተር 5.2 እጥፍ ትርቃለች፤ የምትዞረው መንገድም በዚያው ልክ 5.2 እጥፍ ይረዝማል። ሁሉም በእኩል ፍጥነት ቢጓዙ ኖሮ የጁፒተር ዓመት የእኛን አምስት ዓመት ከጥቂት ወራት በሆነ ነበር። የሚፈጅባት ግን 11.86 ዓመት ነው። የጥንት የግዕዝ መጻሕፍት ዙሐል የሚሏት ሳተርን ዘጠኝ ዓመት ተኩል መፍጀት ሲገባት 29.5 ዓመት ትፈጃለች፤ ኔፕቱን ደግሞ በሠላሳ ፈንታ 165 ዓመት ገደማ። እየራቁ በሄዱ ቁጥር በሚጠበቀውና በሚሆነው መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። የመንገዱ ርዝመት ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያመጣ አይችልም፤ ተጓዦቹም ራሳቸው ቀርፋፎች ናቸው። ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ስትከንፍ ምድር 30፣ ጁፒተር 13፣ ኔፕቱን ደግሞ 5.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ትጓዛለች።

እነዚህ ፍጥነቶች እንዲሁ በዘፈቀደ አልተደለደሉም። ከምድር አራት እጥፍ የራቀች ፕላኔት ብትኖር መንገዷ አራት እጥፍ ይረዝማል፣ ፍጥነቷ ደግሞ የምድርን ግማሽ ይሆናል፤ አራት እጥፍ መንገድ በግማሽ ፍጥነት ሲኬድ ስምንት ዓመት ይፈጃል። ዘጠኝ እጥፍ ብትርቅ ፍጥነቷ ሲሶ ይሆንና ዓመቷ ሃያ ሰባት ላይ ይደርሳል። ሳተርን ከዘጠኝ ትንሽ ፈቅ ያለች ስለሆነች ዓመቷም ከሃያ ሰባት ትንሽ ፈቅ ብሎ ሃያ ዘጠኝ ተኩል ላይ ያርፋል። በጥንቃቄ ማስላት የፈለገ ሰው የሳተርንን ርቀት 9.54ን ይውሰድና ሦስት ጊዜ ያባዛው፤ 9.54 × 9.54 × 9.54። የሚያገኘው 868 ነው። ከዚያ የዓመቷን ቁጥር 29.46ን በራሱ ያባዛው፤ ያው 868 ይመጣል። ከሜርኩሪ እስከ ኔፕቱን የትኛዋንም ፕላኔት ቢሞክር ሁለቱ ወገኖች ይገጥማሉ። እዚህ ለመድረስ የእጅ ስልክ ላይ ያለው ማስሊያ ይበቃል።

ለምን እንደሚዘገዩ ለመረዳት አንዲት ሰከንድ ነጥሎ ማየት ይበጃል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምድር ወደፊት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። በዚያችው ሰከንድ የፀሐይ ስበት ከቀጥታ መስመሯ አስቶ ወደ ፀሐይ የሚያስጠጋት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሦስት አራት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚይዘውን ያህል። ይህች ኢምንት መጎተት ያለ ዕረፍት ስትደጋገም ቀጥታው መንገድ እየጎበጠ ይሄድና በዓመቱ ክቡ ይገጥማል። ስበት ከርቀት ጋር በፍጥነት ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። ስለዚህ ጁፒተር በአንድ ሰከንድ ወደ ፀሐይ የምትጠጋው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ኔፕቱን ጋ ሲደርስ ከሚሊ ሜትር ሦስት ሺህኛ እጅ ይቀራል፤ ከአንዲት የፀጉር ዘለላ ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ። በእንዲህ ያለ የላላ ልጓም የተያዘ ፈረስ ክቡን ሳይስት መዞር የሚችለው በዝግታ ከሄደ ነው። ኔፕቱን ካለችበት ሆና በምድር ፍጥነት ልጋልብ ብትል የፀሐይ ስበት ሊመልሳት አይችልም፤ ከሥርዓተ ፀሐይ ወጥታ በሄደች ነበር። ዝግታዋ በምህዋሯ ላይ ለመቆየት የምትከፍለው ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። በቃል የተያዘው «165» ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይናገርም።

ዝምድናውን ያገኘው ሰው ያለፈበት መንገድም ለክርክሬ ያግዘኛል። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1596፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ ፕላኔቶች ከፀሐይ የሚርቁበትን ልክ ያገኘ መስሎት መጽሐፍ አሳተመ። አምስቱን ወጥ ጠጣር ምስሎች አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰክቶ በመካከላቸው የፕላኔቶችን ምህዋር አኖረ፤ ውብ ነበር፤ ስህተትም ነበር። ከዚያ ፕራግ ሄዶ ከታይኮ ብራሄ ጋር ሠራ፤ ታይኮ በ1601 ሲሞት ያ ሰው ቴሌስኮፕ ሳይኖር በዓይኑ ብቻ ለዓመታት የመዘገበው ልኬት በኬፕለር እጅ ገባ። በ1609 የፕላኔቶች ምህዋር ሞላላ መሆኑን ይፋ አደረገ። በርቀትና በዓመት መካከል ያለው ዝምድና ግን ገና አልተፈታም ነበር። በ1618 ሊንዝ ከተማ ውስጥ ሲኖር የካቲት ላይ ሴት ልጁ ሞታበት ነበር፤ እናቱ በጥንቆላ ተከሳ ነበር። መጋቢት 8 ቀን ሐሳቡ መጣለት፤ አሰላው፤ በስሌቱ ተሳስቶ ስለነበር አልገጥም አለውና ጣለው። ግንቦት 15 ቀን ተመልሶ ሲሞክረው ገጠመ። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ከስምንት ቀን በኋላ ፕራግ ላይ ሹማምንት በመስኮት ተወረወሩና አውሮፓን ሠላሳ ዓመት ያነደደው ጦርነት ተጀመረ። ደንቡ በ1619 የታተመው ፕላኔቶች እንደ ዜማ የየራሳቸው ድምፅ አላቸው በሚል ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ፣ በጥቂት መስመሮች ነው። በዙሪያው ያለውን የዜማ ሐተታ ዛሬ የሚጠቅሰው የለም፤ እነዚያ መስመሮች ግን እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ሰውየው ቁጥር ሲያገጣጥም የኖረ ከሆነ፣ ጠጣር ምስሎቹ ስህተት ከሆኑ፣ ዜማውም ከንቱ ከሆነ፣ ይኸኛው ግጥምጥሞሽ ከእነዚያ በምን ይሻላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም የሚሰጠን ሌላ ታዋቂ የቁጥር ግጥምጥሞሽ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቲቲየስና ቦደ የተባሉ ጀርመናውያን የፕላኔቶችን ርቀት የሚሰጥ የሚመስል ቀላል የቁጥር ሰልፍ አቀረቡ። በ1781 ዩራነስ ስትገኝ ሰልፉ በተነበየው ቦታ አካባቢ ተገኘች። በ1801 ሴሬስ የተባለችው ትንሽ አካል በማርስና በጁፒተር መካከል ተገኘች፤ እሷም ገጠመች። ሰው ሁሉ ሕግ ተገኘ አለ። በ1846 ግን ኔፕቱን በርሊን ላይ በቴሌስኮፕ ስትታይ ሰልፉ 38.8 ያለው ርቀት 30 ሆኖ ተገኘ፤ ሕጉም እዚያው ቀረ። የኬፕለር ዝምድና በእነዚያ ሦስት ፈተናዎች ሁሉ አለፈ። ኬፕለር በሕይወቱ ስለ ዩራነስ፣ ስለ ሴሬስም ሆነ ስለ ኔፕቱን የሰማው ነገር አልነበረም፤ የሦስቱም ዓመት ግን፣ 84፣ 4.6 እና 165፣ እሱ በጻፈው ደንብ ልክ ነው። የቦደ ሰልፍ ፕላኔቶች የት እንደቆሙ ሊናገር ሞከረ፤ የኬፕለር ደንብ የትም ይቁሙ፣ እዚያ የቆመ ነገር እንዴት መንቀሳቀስ እንዳለበት ይናገራል። ኒውተን በ1687 ምክንያቱን ከስበት ሲያወጣው ደግሞ የግጥምጥሞሽ ነገር አበቃ። የጁፒተር ጨረቃዎችም ጁፒተርን ሲዞሩ በዚሁ ይገዛሉ፤ ካሊስቶ ከአዮ አራት ተኩል እጥፍ ያህል ትርቃለች፣ አንድ ዙር ለመጨረስም ዘጠኝ ተኩል እጥፍ ያህል ትዘገያለች።

ሌላም በተለምዶ የሚገለበጥ ነገር አለ። ሰንጠረዡ ርቀትን በግራ፣ ዓመትን በቀኝ አስቀምጦ ስለሚያሳየን ርቀቱ አስቀድሞ የተለካ፣ ዓመቱ ከዚያ የተገኘ ይመስለናል። በታሪክ የሆነው ተቃራኒው ነው። ጊዜ መቁጠር ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ማታ ማታ ወጥቶ ሰማይ ማየት ይበቃዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ንዑስ ቀመር፣ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመቱን ዐቢይ ቀመር ብለው ያሰሉት ከምድር ሳይነሡ ነው። (በነገራችን ላይ በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ኔፕቱን ፀሐይን የምትዞረው ሦስት ጊዜ ከጥቂት ነው።) አስቸጋሪው ርቀት ነው፤ ወደ ፀሐይ ሜትር ዘርግቶ የሚሄድ የለም። ደንቡ ግን ጊዜን ወደ ርቀት ይለውጣል። የማርስ ዓመት 687 ቀን መሆኑን ያወቀ ሰው ማርስ ከምድር 1.52 እጥፍ እንደምትርቅ ያውቃል፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ባያውቅም። በዚህ መንገድ የሥርዓተ ፀሐይ ሙሉ ካርታ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይለካ ተሣለ፤ የቀረው የካርታውን ልኬት ማግኘት ነበር። ለዚህም ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ በ1761 እና በ1769 ተመልካቾች ወደ ዓለም ዳርቻ ሁሉ ተላኩ፤ ካፒቴን ኩክ ታሂቲ ድረስ የሄደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንድ ርቀት ሲለካ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ተለኩ።

ተማሪዎች የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጁፒተር የምትዘገየው ግዙፍ ስለሆነች አይደለምን? ከባድ ነገር ቀርፋፋ መሆኑን ከጭነት መኪና ተምረናል። በምህዋር ላይ ግን ይህ አይሠራም። ጁፒተር ከምድር 318 እጥፍ ትከብዳለች፣ ዩራነስ ከአሥራ አምስት እጥፍ በታች ናት፤ ሆኖም በግማሽ ፍጥነት የምትጓዘው ቀላሏ ዩራነስ ናት። ከሁሉም የሚያሳምነው የጁፒተርን ምህዋር የሚጋሩት ትሮጃን የሚባሉት ድንጋዮች ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው በ1906 ነው የተገኘው። ከጁፒተር አንጻር ብናኝ ናቸው፤ ግን በእሷ ርቀት ላይ ስለሆኑ እንደ እሷው በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይዞራሉ። ጠንቃቃ አንባቢ የጁፒተር ግዝፈት በዓመቷ ላይ ምንም አያመጣም ወይ ቢል፣ ያመጣል፤ የፀሐይን አንድ ሺህኛ ገደማ ስለምትመዝን ለውጡ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ወሳኙ በመካከል ያለችው ናት። ለዚህም ነው ይህ ዝምድና ሚዛን ሆኖ የሚያገለግለው፤ አንድ ነገር በምን ርቀት ላይ፣ በስንት ጊዜ እንደሚዞር ካወቅን በመካከል ያለው አካል ምን ያህል እንደሚመዝን እናውቃለን። ለፀሐይ በጣም ቅርብ የሆነችውን ኮከብ ፕሮክሲማን የምትዞር ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሆናለች፤ ርቀቷ የምድርን ሃያኛ እጅ ያህል ነው። የእኛን ፀሐይ ብትዞር ኖሮ ዓመቷ አራት ቀን እንኳ ባልሞላ ነበር። እዚያ ግን 11 ቀን ይፈጅባታል፤ ፕሮክሲማ የፀሐይን አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ስለምትመዝን ልጓሟ የላላ ነው። የፍኖተ ሐሊብ ጋላክሲያችን መካከል ላይ ደግሞ ኤስ ሁለት የተባለች ኮከብ ምንም የማይታይበትን ቦታ በ16 ዓመት አንዴ ትዞራለች፤ አማካይ ርቀቷ በምድር ልኬት አንድ ሺህ ያህል ነው። አንድ ሺህን ሦስት ጊዜ አባዝቶ ለ16 × 16 ያካፈለ ሰው አራት ሚሊዮን ያህል ያገኛል፤ እዚያ የተቀመጠው ጥቁር ጉድጓድ የአራት ሚሊዮን ፀሐዮችን ክብደት ይዟል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ2020 የፊዚክስ ኖቤል ግማሹ ለዚህ ሥራ ነው የተሰጠው።

ርቀት ዓመትን ይወስናል ሲባል ወቅትንም የሚወስን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ምድር ለፀሐይ ከሁሉ ይልቅ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከገና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ ያኔ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በሰኔ መጨረሻ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ወደ 152 ሚሊዮን ትሸሻለች። አውሮፓ በበረዶ የሚንቀጠቀጠው ምድር ለፀሐይ በቀረበችበት ሰሞን መሆኑ ብቻ ነገሩን ይፈታዋል፤ ወቅትን የሚያመጣው የምድር ማዘንበል ነው። ሆኖም ይህች ትንሽ መቅረብና መራቅ በዓመቱ ላይ ምልክቷን ትታለች። ስንቀርብ እንፈጥናለን፣ ስንርቅ እንዘገያለን። በእኛ አቆጣጠር ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ከመጋቢት 11 ገደማ ተነሥታችሁ እኩልነቱ እስከሚመለስበት እስከ መስከረም 12 ገደማ ብትቆጥሩ 186 ቀን ነው፤ ከዚያ ተመልሳችሁ እስከ መጋቢት ብትቆጥሩ 179። የሰባት ቀኑ ልዩነት በግድግዳ ካሌንደር ላይ ሊቆጠር የሚችል የኬፕለር ማስረጃ ነው። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ይህንኑ አጋንኖ ያሳያል፤ ከቬነስ ምህዋር ውስጥ ገብቶ በከፍተኛ ፍጥነት ይታጠፍና ከኔፕቱን ማዶ ሄዶ ያዘግማል፤ ቅርቡና ሩቁ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 17.8 እጥፍ ይሆናል፤ ዓመቱም በዚያው ልክ ሰባ አምስት ገደማ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1986 ታይቷል፤ የሚመለሰው በ2061 ነው።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባል? ዳቦ የማይሆን ዕውቀት» የሚለውን ተቃውሞ አልንቀውም፤ ክፍል ውስጥ ወንበር የማይበቃበት ትምህርት ቤት ባለበት አገር ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ጣሪያችን ላይ ነው። በአዲስ አበባ ማንኛውም ሠፈር ቀና ብላችሁ ብታዩ ዲሾቹ በየአቅጣጫቸው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ናይልሳት ለሚባለው ሳተላይት የተተከሉት ወደ ምዕራብ። ዲሽ የሚተክለው ባለሙያ ሲግናሉ እስኪመጣ ግራ ቀኝ ያደርገዋል፣ ብሎኑን በቁልፍ ያጠብቀዋል፣ ይወርዳል። ነፋስ ወይም ልጆች ካላነቃነቁት ለዓመታት አይነካም። ሳተላይቱ ግን በሰከንድ ሦስት ኪሎ ሜትር ይከንፋል። የማይንቀሳቀስ የሚመስለን ምድርን የሚዞርበት ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል እንዲሆን ርቀቱ ተመርጦ ስለተቀመጠ ነው። ርቀቱንም የኬፕለር ደንብ ይሰጠናል። ጨረቃ በ384,400 ኪሎ ሜትር ርቀት በ27.3 ቀን ትዞረናለች። በአንድ ቀን የሚዞር ነገር ስንት መራቅ አለበት? 27.3 በራሱ ሲባዛ 745 ነው፤ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 745 አካባቢ የሚሰጥ ቁጥር ዘጠኝ ነው፤ 729። የጨረቃን ርቀት ለዘጠኝ ብናካፍለው 42 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከምድር እምብርት፣ ወይም ከመሬት በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች የተሰለፉት በዚያ ከፍታ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ግን መሬት ለመቃኘት ስለተሠራች ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ነበር የተቀመጠችው፤ በዚያ ቅርበት አንድ ዙር መቶ ደቂቃ አይሞላም። ለእሷ አፉን ከፍቶ የሚቆም ዲሽ አይሆናትም ነበር፤ የእንጦጦው መቀበያ ጣቢያ እየተከተለ ነበር የሚቀበላት።

«አራት መቶ ዓመት ያለፈው ደንብ ነው፤ ሳይንስ አልፎት ሄዷል» ለሚልም እንዲሁ ምላሽ አለ። ደንቡ ዛሬም ከሚጠቅምባቸው መንገዶች አንዱ አልታዘዝም በተባለበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ የአንድሮሜዳ ጋላክሲን ፍጥነት በየርቀቱ ለክተው አሳተሙ። የጋላክሲው ብርሃን መካከሉ ላይ ስለተጠራቀመ ዳር ያሉት እንደ ኔፕቱን ሊዘገዩ ይገባ ነበር። አልዘገዩም፤ ዳር ያሉትም እንደ ውስጠኞቹ ይጋልባሉ። ልጓሙን የያዘ የማይታይ ግዝፈት እዚያ አለ ማለት ነው፤ ጨለማ ቁስ የሚሉት ይህ ነው፤ ምን እንደሆነ እስካሁን ሥነ ፈለክ አልነገረንም። ኔፕቱን ለምን እንደምትዘገይ ያልገባው ሰው የአንድሮሜዳ ኮከቦች አለመዘግየት ለምን ሊቃውንቱን እንዳስደነገጠ ሊገባው አይችልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ቤተ ሙከራም ሆነ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። መምህሩ ኬፕለር የሚያውቃቸውን ስድስት ፕላኔቶች ርቀትና ዓመት ሰሌዳ ላይ ይጻፍና የሳተርንን ዓመት ብቻ በወረቀት ይሸፍነው። ተማሪዎቹ ይገምቱ። አንዱ ዓመቱ ከርቀቱ ጋር እኩል ያድጋል ይበል፤ በማርስ ይሞከር፤ 1.52 መሆን የነበረበት 1.88 ሆኖ ይገኛል፤ አይበቃም። ሌላዋ ርቀቱ በራሱ ይባዛ ትበል፤ 2.3 ይመጣል፤ በዛ። እውነቱ በሁለቱ መካከል እንዳለ ሲገባቸው ግማሹ መንገድ አልቋል፤ ኬፕለር ይህን ለማግኘት ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል፣ እነሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅባቸው አይከፋም። ወረቀቱ ሲነሣ 29.46 ይታያል። በመጨረሻ መምህሩ ከምድር መቶ እጥፍ የምትርቅ ፕላኔት ነገ ብትገኝ ዓመቷ ስንት እንደሚሆን ይጠይቅ። መልሱ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የለም፤ መቶ ሦስት ጊዜ ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ነው፤ የአንድ ሚሊዮን ስኩዌር ሩት ደግሞ አንድ ሺህ።